የረመዳን ውሎ በሐይቅ ዳር፦ ቤተሰብ ሲወጣ ምን ሊያስብ ይገባል?

ደሴ፦ የረመዳን ጾም አጋማሹን ሲያልፍ በደቡብ ወሎ ብዙ ቤቶች ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ልጆቹን ይዞ፣ አያቶችንም አስከትሎ ወደ ሐይቅ ዳር መውጣትና እዚያው በነፋሻው ሥፍራ ማፍጠር ይቻል ይሆን? መልሱ ይቻላል ነው። ነገር ግን በሌላው ጊዜ እንደሚደረገው ማለዳ ወጥቶ፣ ምሳ በልቶ፣ ልጆች ውኃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ውሎ ከመምሸቱ በፊት መመለስ ለጾመኛ ቤተሰብ አይስማማም። በረመዳን የቀኑ ማዕከል መግሪብ ነው። የመነሻው ሰዓት፣ የምግቡ ዓይነት፣ የልጆች ጥበቃና የመመለሻው መኪና ሁሉ ከመግሪብ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ሊታሰብ ይገባል።

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአካባቢው ለሚኖር ቤተሰብ ቅርቡ ሥፍራ በተሁለደሬ ወረዳ፣ ከሐይቅ ከተማ አጠገብ የሚገኘውና የአካባቢው ነዋሪ ሎጎ ብሎ የሚጠራው ሐይቅ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደረሳል። የቆዳ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር ይበልጣል። በዙሪያው ኮረብታዎች አሉ። ወደ ውኃው ገባ ባለው መሬት ላይ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ የተመሠረተው ታዋቂው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። ስለዚህም ሥፍራው የመዝናኛ ብቻ ሳይሆን የጸሎትም ሥፍራ ነው፤ በገዳሙ አቅራቢያ ሙዚቃ መክፈትና መጮኽ አይገባም።

ቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው የፀሐይ መግቢያ ሰዓት ነው። ረመዳን በየካቲትና በመጋቢት በሚውልባቸው በእነዚህ ዓመታት በሐይቅ ከተማ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ30 ገደማ ነው። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኑ ከወሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ያለው ልዩነት የጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሐይቁን የከበቡት ኮረብታዎች ዓይንን ያታልላሉ። ፀሐይ ከምዕራቡ ኮረብታ ጀርባ ስትሰወርና ጥላው በውኃው ላይ ሲያርፍ ገና አልጠለቀችም። ስለዚህ በጥላ ተታልሎ ከማፍጠር፣ ከመስጊድ የሚሰማውን አዛን መጠበቅ ወይም የአካባቢውን የሰላት ሰዓት ሰሌዳ አስቀድሞ መያዝ ይገባል። የደሴን ሰሌዳ መጠቀም ችግር የለውም፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ከደቂቃ አይበልጥም።

ለሰላት ቂብላን ማግኘትም በዚህ ሥፍራ ቀላል ነው። ሐይቅ ከተማና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ለማለት ይቻላል፤ በመሆኑም ቂብላው ወደ ሰሜን ነው። በመጋቢት መጀመሪያ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትጠልቅ በግራ እጁ በኩል እንድትሆን አድርጎ የቆመ ሰው ወደ መካ ፊቱን አዙሯል። የሁለቱ አገሮች የሰዓት አቆጣጠርም አንድ ስለሆነ፣ በዚሁ ሰሞን በሐይቅና በመካ መግሪብ የሚገባው በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ነው። ልጁን ወይም እህቱን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የላከ የወሎ ቤተሰብ ብዙ ነው። ሐይቅ ዳር ሰሌኑን አንጥፎ ስልክ የሚደውል አባት ጂዳ ካለችው ልጁ ጋር በአንድ ሰዓት ቴምር ማንሣት ይችላል ማለት ነው።

በጂዳና በሌሎች የባሕረ ሰላጤው ከተሞች የሚኖሩ ወገኖች እንደሚያውቁት በረመዳን የባሕር ዳርቻው የሚሞላው በሌሊት ነው። ሕዝቡ በቤቱ አፍጥሮ፣ ተራዊሕ ሰግዶ መብራት ወደ ተተከለበት ዳርቻ ይወጣል። ይህ ልማድ እንዳለ ወደ ሎጎ ሊመጣ አይችልም። አብዛኛው የሐይቁ ዳር መብራት የለውም፤ ከመሸም በኋላ የሕዝብ ማመላለሻ ማግኘት ያስቸግራል። ፀሐይ ከጠለቀች ከ20 ደቂቃ ያህል በኋላ ጨለማ ይወርዳል። ለዚህ ሥፍራ የሚሻለው የቀኑን ሙቀት በቤት ውስጥ አሳልፎ፣ የዙህር ሰላት ከተሰገደ በኋላ ከ8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ከደሴ መነሣት፣ አስርን እዚያው ሰግዶ ሁለት ሦስት ሰዓት መቆየት፣ ካፈጠሩና መግሪብን ከሰገዱ በኋላም ሳይዘገዩ መመለስ ነው። ከዚህ ቀድሞ የሚወጣ ቤተሰብ ጾመኛውን በማይገባ መንገድ ያደክማል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐይቁ ያለው ከእርስዋ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው። ከብርዳማ ከተማ የወረደ ሰው ሙቀቱን ከለመደው በላይ ይሰማዋል፤ ከውኃው ላይ የሚያንጸባርቀው ብርሃንም ጥማትን ያብሳል።

ወደ ሐይቁ መውረድ በሃይማኖቱ ሕግ «ጉዞ» ተብሎ ጾም መፍቻ ይሆናል ወይ የሚል ጥያቄ አልፎ አልፎ ይነሣል። መንገደኛ ጾሙን አፍርሶ በሌላ ቀን እንዲከፍል መፈቀዱ በቁርኣን የተደነገገ ነው። ሆኖም አብዛኞቹ ሊቃውንት መንገደኛ የሚያሰኘውን ርቀት 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ አድርገው ይወስዱታል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ የሚሄድ ቤተሰብ በዚህ መለኪያ መንገደኛ አይባልም። ከወልድያ ለሚመጣ ግን ርቀቱ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ ነገሩ ልዩ ነው። ጎሕ ከቀደደ በኋላ የተጀመረ ጉዞ በዚያው ዕለት ለማፍረስ ይበቃል ወይስ አይበቃም በሚለውም መዝሀቦች ይለያያሉ። እንዲህ ያለውን ቤተሰብ የመስጊዱ ኢማም ቢያማክረው ይሻላል።

መዋኘትን በተመለከተም እንዲሁ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ በጾም ሳሉ ከጥማት ወይም ከሙቀት የተነሣ በራሳቸው ላይ ውኃ ማፍሰሳቸው በሐዲስ ተዘግቧል፤ ገላን ማቀዝቀዝ ጾምን አያፈርስም። አስቸጋሪው ውኃው በአፍ ወይም በአፍንጫ ገብቶ ወደ ጉሮሮ ሲወርድ ነው። በወሎ በስፋት በሚታወቁት በሻፊዒይና በሐነፊ መዝሀቦች ዘንድ ለመቀዝቀዝ ብሎ የጠለቀ ሰው ሳያስበው ውኃ ቢውጥ ያ ቀን ቀዳ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ ብዙ ዑለማዎች ጾመኛ ሰው ከመጥለቅ ይልቅ እግሩንና ፊቱን ማቀዝቀዝ ይበቃዋል ብለው ይመክራሉ።

ምክሩ ከሃይማኖት ውጭም ትልቅ ጥቅም አለው። ሱሑር ከበላ 10 ሰዓት ያለፈው ሰው ጉልበቱ እንደ ጥዋቱ አይደለም። ሰውነቱ በጉበት ያጠራቀመውን ስኳር እየጨረሰ ነው፤ ውኃም ጎድሎታል። በዋና ላይ ያለ ሰው ላቡ በውኃው ስለሚታጠብ ፈሳሽ እያጣ መሆኑን አያውቅም። ጡንቻ መሸማቀቅና ማዞር የሚመጣው ደግሞ እግር መሬት ከማይነካበት ቦታ ከተደረሰ በኋላ ሊሆን ይችላል። ሎጎ ጥልቅ ሐይቅ ነው፤ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ጉልበት ላይ የነበረ ውኃ ደረት ላይ ሊደርስ ይችላል። ለጾመኛ አዋቂ ከ10 ሰዓት በኋላ በዚህ ውኃ ውስጥ መዋኘት ሊመከር አይችልም።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ግን የልጆች ነው። ልጆች አይጾሙም፤ ጉልበታቸው እንዳለ ነው፤ ውኃ ባዩ ቁጥር ይሮጣሉ። የሚጠብቃቸው አዋቂ በአንጻሩ የደከመና የተጠማ ነው። ትኩረት የሚበተንበት ሰዓትም ይታወቃል፦ ከመግሪብ በፊት ያለው የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት። እናት ሳምቡሳ ትደረድራለች፤ አባት እሳት ያነዳል ወይም ለውዱእ ይነሣል፤ አጎት መኪናውን ያዞራል። እያንዳንዱ ሰው ልጆቹን ሌላው የሚያይ ይመስለዋል። በውኃ የሚሰጥም ልጅ ደግሞ ብዙዎች እንደሚገምቱት አይጮኽም፣ እጁንም አያወዛውዝም። አፉ ከውኃው በታችና በላይ ሲል ለመጮኽ የሚሆን ትንፋሽ አያገኝም፤ በደቂቃ ውስጥ በጸጥታ ይሰወራል።

ለዚህ መድኃኒቱ ጥበቃን በስም መስጠት ነው። «ሁላችንም እናያቸዋለን» የሚለው ቃል ማንም አያያቸውም እንደ ማለት ነው። አንድ አዋቂ ለግማሽ ሰዓት ሌላ ሥራ ሳይኖረው፣ ስልክም ሳይዝ ፊቱን ወደ ውኃው አዙሮ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ለሌላው ያስረክባል። በቤተሰቡ ውስጥ በሕመም፣ በነፍሰ ጡርነት ወይም በሌላ ምክንያት የማትጾም ወይም የማይጾም፣ ለጥበቃም አቅም ያለው አዋቂ ካለ የመጨረሻው ተራ ለዚያ ሰው ቢሰጥ መልካም ነው። ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ደግሞ ልጆች ሁሉ ከውኃው ወጥተው፣ ደርቀውና ለብሰው ከሰሌኑ አጠገብ ሊሰበሰቡ ይገባል። አዛን ሲሰማ ውኃ ውስጥ ያለ ልጅ ሊኖር አይገባም።

መንሳፈፊያ ጃኬት የሌለው ቤተሰብ ከቤቱ ሁለት ነገር ይዞ ቢወጣ ይጠቅመዋል፦ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ባዶ ጀሪካንና አሥር ሜትር ያህል ጠንካራ ገመድ። በገመድ የታሰረ ባዶ ጀሪካን ሲወረወር ሰው ይዞት ሊንሳፈፍ ይችላል። ዋና የማይችል ሰው ሌላውን ለማዳን ዘሎ መግባቱ ብዙ ጊዜ የአንዱን ሞት ሁለት ያደርገዋል። ዳር ላይ ቆሞ ጀሪካኑን፣ ረጅም እንጨትን ወይም ነጠላን መወርወር፣ በአቅራቢያው ያሉ ዓሣ አስጋሪዎችንም መጥራት ይቀድማል። ጀልባ የሚሳፈር ቤተሰብም ከመጠን በላይ የተጫነ ጀልባ ላይ እንዳይወጣ፣ መንሳፈፊያ ልብስም እንዲጠይቅ ይመከራል። የበልግ ዝናብ በሚጀምርበት በዚህ ወቅት ከሰዓት በኋላ ነፋስና ነጎድጓድ በድንገት ይነሣል፤ ደመና ከከበደ ከውኃው መውጣት ይገባል፤ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለልም አይገባም።

ስለ ውኃው ሌላም ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። በሐይቅ ከተማ በትምህርት ቤት ልጆች ላይ ተካሂዶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአካባቢው የቢልሃርዚያ በሽታ መኖሩን አረጋግጧል። የበሽታው ተሸካሚ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት ደንገልና ቄጠማ በበዛበት፣ እምብዛም በማይንቀሳቀስ ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ነው። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው በዓይን የማይታይ ትል በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ቆዳን በስቶ ይገባል። በብዛት የሚወጣውም በቀትር ብርሃን ነው። ቀትር ላይ ልጆችን በቄጠማው መካከል ማንቦጫረቅ ከሁሉ የከፋ ምርጫ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ አመሻሹ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ከውኃ እንደወጡ ቆዳን በፎጣ ጠንክሮ ማሸት ጥቂት ይረዳል። የተነካካ ልጅ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ በጤና ጣቢያ ቢመረመር መልካም ነው፤ በሽታው ፕራዚኳንቴል በተባለ መድኃኒት ይድናል። በእርግጥ ልጆችን ከነጭራሹ ሳያስገቡ፣ ዳር ላይ በድንጋይና በአሸዋ እንዲጫወቱ ማድረግ የሚችል ቤተሰብ ከዚህ ሁሉ ሐሳብ ይድናል። ውኃ በዓይን ብቻም ያረካል።

የበሽታው ዑደት የሚቀጥለው በሰው ዓይነ ምድር ነው፤ ስለዚህ መጸዳጃ ቤት ያለበትን ሥፍራ መምረጥ ለምቾት ብቻ አይደለም። በሐይቁ ዳር ከሚገኙት ሎጆች በአንዱ ትንሽ ከፍሎ መቀመጥ፣ በተለይ አረጋውያንና ሴቶች ላሉበት ቤተሰብ፣ ከገንዘቡ በላይ ጥቅም አለው። ሎጎ ደግሞ ውኃ የሚወጣበት ወንዝ የሌለው ዝግ ሐይቅ ነው። ከአርዲቦ ሐይቅና ከዙሪያው ተራሮች የሚመጣው ውኃ ይገባበታል እንጂ አይፈስለትም። የተጣለ ፌስታል፣ የታጠበ ሳሙና፣ የተደፋ ዘይት እዚያው ይቀራል። በዳርቻው የሚኖሩ አርሶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያጠጡት ከዚሁ ውኃ ነው። በመስኖ ያለማውን ማሳ ረግጦ ወደ ውኃው የሚያቋርጥ እንግዳን የሚታገሥ ገበሬ አለ፤ ትዕግሥቱን መፈተን ግን አያስፈልግም። መኪናን ከማሳ ዳር ማቆም፣ ለእሳት የደረቀ እንጨት ከቤት ወይም ከገበያ ይዞ መምጣት፣ ከሰሉን በውኃ አጥፍቶ መሄድ የእንግዳ ወግ ነው።

የምግቡ ነገር ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ንግግር በእናቶች ጫንቃ ላይ የሚወድቅ ነው። ጾመኛ ሆና ከቀትር ጀምሮ ምድጃ ፊት የቆመች ሴት፣ ዕቃውን ጠቅልላ መኪና ላይ ወጥታ፣ ሐይቅ ዳር ደግሞ ዘርግታ፣ ማታ ተመልሳ ድስት ካጠበችና ለሱሑር ከተነሣች ሽርሽሩ የእርስዋ አልነበረም። ስለዚህ ዝርዝሩ አጭር ይሁን። ቴምር፣ ውኃ፣ በፔርሙስ የተያዘ ትኩስ ሾርባ፣ ሳምቡሳ፣ ዳቦና ፍራፍሬ ለአፍጥር ይበቃል። የወሎ ቤት ያለ አብሽ ወይም ያለ ቃሪቦ ረመዳንን አያውቅም፤ እነዚህ በቀላሉ በጀሪካን የሚያዙ ናቸው። ከባዱን እራት ቤት ተመልሶ መብላት ይቻላል። ዓሣ የሚፈልግ ቤተሰብ ከአስጋሪዎች ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ቀረሶ ወይም አምባዛ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል፤ አመሻሽ ላይ የተረፈው ዓሣ በጸሐይ የዋለ ሊሆን ይችላል። መጥበሱ ደግሞ ለወንዶች ይተው።

የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ለብ ብሎ ሲቆይ ተሕዋስያን ይራቡበታል። ሥጋ የገባበት ሳምቡሳ በ7 ሰዓት ተጠብሶ በ12 ሰዓት ተኩል የሚበላ ከሆነ በሆድ ሕመም ያበቃል። ወይ ከመነሣት ጥቂት ቀደም ብሎ ጠብሶ ሙቀት በሚይዝ ዕቃ መክተት፣ ወይም ጥሬውን በቀዝቃዛ ዕቃ ይዞ እዚያው መጥበስ ይሻላል።

በወሎ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመድ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ለሽርሽርም አብረው ይወጣሉ። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር ተደራርቦ ውሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ የምስር ሳምቡሳ፣ የአትክልት ሾርባና ሽሮ ሁሉንም ያስማማል፤ የቅባቱም የእርዱም ጥያቄ አይነሣም። ዓሣን ግን በዐቢይ ጾም የማይበሉ ብዙ ስለሆኑ አስቀድሞ መጠየቅ ጨዋነት ነው።

የማይጾሙ ሰዎችም ሊታሰቡ ይገባል። የምታጠባ እናት፣ በወር አበባ ላይ ያለች ሴት፣ የስኳር ሕመምተኛ አባት ከጾመኛ ዘመድ መካከል ተቀምጠው ውኃ ለመጠጣት ያፍራሉ፤ በቤት ውስጥ ጓዳ አለ፣ በሐይቅ ዳር ግን የለም። በተለይ ልጃገረዶች ምክንያቱን ላለመናገር ሲሉ ቀኑን ሙሉ በሙቀት ተጠምተው ይውላሉ። መጋረጃ የሚሆን ነጠላ በአንድ ጥግ መስቀል ወይም ከሎጁ ክፍል መጠቀም፣ ውኃውንም ማንም ሳይጠይቅ እዚያ ማስቀመጥ ብዙ ቃል ያተርፋል። ጾምን የሚለማመዱ ትንንሽ ልጆች ደግሞ የመጀመሪያ ሙከራቸውን በዚህ ቀን ባያደርጉት ይመረጣል።

ስኳር ያለበትና የሚጾም ሰው መለኪያውን ይዞ መውጣት አለበት። ጣት ወግቶ መለካት ጾም አያፈርስም። መጠኑ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙን ወዲያውኑ መፍታት እንደሚገባ የሕክምና መመሪያዎች ያዝዛሉ። ማንኛውም ጾመኛ ቢያዞረው፣ ንግግሩ ቢዘባረቅ ወይም ራሱን ቢስት መግሪብ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል ተብሎ አይጠበቅም። ወደ ጥላ ወስዶ፣ ራሱን ካወቀ ውኃና ጣፋጭ ነገር መስጠት፣ ራሱን ከሳተ ደግሞ በአፉ ምንም ሳይሰጡ በጎኑ አስተኝቶ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ነፍስን ለማዳን ጾምን መፍታት በእስልምና የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የታዘዘም ነው።

የቀረው መንገዱ ነው። ከመውጣት አንድ ቀን በፊት የመንገዱን ደኅንነትና በአካባቢው የተደነገገ የሰዓት ገደብ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ይገባል። ገደቡ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት የሚጀምር ከሆነ ሐይቅ ዳር ማፍጠርን ትቶ 11 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ቤት ማፍጠር ያስፈልጋል፤ እንዲህም ሆኖ ውሎው ውሎ ነው። በሕዝብ መኪና ሄዶ ማታ ሌላ መኪና ይገኛል ብሎ መተማመን አይበጅም። ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ተባብሮ ደርሶ መልስ ኮንትራት መያዝና ሹፌሩንም ለአፍጥር መጋበዝ የተሻለ ነው። ሹፌሩም ጾመኛ ነው። ባዶ ሆዱን ወደ አፍጥር የሚጣደፍ ሹፌር በጠመዝማዛ መንገድ ላይ አደገኛ ነው፤ አፍጥሮ፣ ሰግዶ፣ ቡናውን ፉት ብሎ ቢነሣ ግን ለሁሉም ይበጃል። ዕቃው ከመግሪብ በፊት በአብዛኛው ተጠቅልሎ፣ ባትሪ በእጅ ሊኖር ይገባል። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ልጆች አንድ በአንድ በስማቸው ይጠሩ።

የገበሬ ቤተሰብ ቀኑን ሲመርጥ የበልጉን እርሻና የገበያውን ቀን ማየቱ አይቀርም። እርሻ ላይ የዋለ ጾመኛ በዚያው ዕለት ሐይቅ ዳር ሊወጣ አይችልም፤ ሥራ የሚቀልበትን ቀን መምረጥ ያስፈልገዋል። ሕፃናት የበዙበት፣ አረጋዊ ሕመምተኛ ያለበት ወይም ጥበቃውን የሚረከብ አዋቂ የጎደለው ቤት ደግሞ ጉዞውን ከዒድ አል ፈጥር በኋላ ቢያደርገው ይሻለዋል። ያን ጊዜ ሐይቁ እዚያው አለ፤ ምሳውም በቀን ይበላል።